የአነስተኛ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች ብልሽትና የጥገና አስተዳደር፤ ከአንድ አውሮፓዊ ሞተር ታሪክ የሚቀሰም ትምህርት

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በአውሮፓ ጎዳናዎች ላይ በብዛት ከተሽከረከሩ አነስተኛ የናፍጣ ሞተሮች አንዱ የፈረንሳዩ ፔዦ ሲትሮኤን ኩባንያና የአሜሪካው ፎርድ በጋራ ያመረቱት ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ነው። ፔዦና ሲትሮኤን “ኤችዲአይ”፣ ፎርድ ደግሞ “ቲዲሲአይ” እያሉ የጠሩት ይህ ሞተር በነዳጅ ቆጣቢነቱ የተመሰከረለት ቢሆንም፣ በተደጋጋሚ የቱርቦ ብልሽቱ በርካታ ባለንብረቶችን ለከፍተኛ ወጪ ዳርጓል።

የዚህን ሞተር ታሪክ ለጥናት ተፈላጊ የሚያደርገው መበላሸቱ ብቻ አይደለም። የተሰበረው ቱርቦ በአዲስ ከተተካ በኋላ አዲሱም በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ መሰበሩ፣ አንዳንዴም ሦስተኛውና አራተኛው ተመሳሳይ ዕጣ የሚገጥማቸው መሆኑ ነው። የችግሩ ምንጭ ሲፈተሽ ከውዱ ዕቃ ሳይሆን ከአንዲት ርካሽ የመዳብ ሮንዴላና ዘግይቶ ከሚቀየር የሞተር ዘይት የሚነሳ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ እውነታ ተሽከርካሪ ለሚገዙ፣ ለሚያሰማሩና ለሚያስጠግኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

የትብብሩ አጀማመር

ፔዦ ሲትሮኤንና ፎርድ የናፍጣ ሞተሮችን በጋራ ለመሥራት የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። በወቅቱ የአውሮፓ መንግሥታት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀትን ለመቀነስ ሲሉ የናፍጣ መኪናዎችን በግብር ሥርዓታቸው ያበረታቱ ነበር። ናፍጣ ለተመሳሳይ ርቀት ከቤንዚን ያነሰ መጠን ስለሚፈልግ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦንም ያንሳል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ በምዕራብ አውሮፓ ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ናፍጣ ነበሩ።

ባለ 1.6 ሊትሩ ሞተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ነው። በፈረንሳይ ትሬምሪና በእንግሊዝ ዳገናም በሚገኙ ፋብሪካዎች የተመረተ ሲሆን፣ ከአምራቾቹ መኪናዎች አልፎ ለሌሎች ኩባንያዎችም ተሽጧል። ፔዦ 206፣ 307 እና ፓርትነር፣ ሲትሮኤን ሲ3፣ ሲ4 እና ቤርሊንጎ፣ ፎርድ ፊየስታና ፎከስ፣ ማዝዳ 3፣ ቮልቮ ኤስ40 እንዲሁም ሚኒ ኩፐር ዲ ይህንኑ ሞተር ተጠቅመዋል። ስለዚህም በአንድ ሞተር ላይ የታየ ድክመት የብዙ አምራቾችና የሚሊዮኖች ባለንብረቶች ጉዳይ ለመሆን በቅቷል።

የሞተሩ ዝርዝር መግለጫ

ሞተሩ አራት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩለትና 1,560 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ነው። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ ደግሞ 88.3 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኩ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በውስጡ የብረት ካሚሻ ገብቶበታል። በመጀመሪያው ዲዛይን ቴስታታው ሁለት ካምሻፍትና 16 ቫልቮች የያዘ ነው።

ኃይሉን በተመለከተ ሁለት ዋነኛ ዓይነቶች ነበሩት። አንደኛው 90 የፈረስ ጉልበትና 215 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያለው ሲሆን፣ ክንፎቹ የማይስተካከሉ ቀለል ያለ ቱርቦ ተገጥሞለታል። ሁለተኛው 109 የፈረስ ጉልበትና 240 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሆኖ፣ የጭሱን ፍሰት እንደ ሞተሩ ፍጥነት የሚያስተካክሉ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሉት ቱርቦ ይጠቀማል። በተለይ መኪናው ሲቀድም ለጥቂት ሰከንዶች የመጠምዘዝ ኃይሉን ወደ 260 ኒውተን ሜትር ከፍ የማድረግ ችሎታ አለው።

ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኮመን ሬይል በሚባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ፓምፑ ናፍጣውን እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ያከማቻል፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዙት ኢንጄክተሮች ደግሞ በአንድ ዑደት ውስጥ ደጋግመው በትንንሹ ይረጫሉ። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ከቀድሞዎቹ ናፍጣዎች ያነሰ ድምፅ ያሰማል፣ ጭሱም ይቀንሳል፣ በመካከለኛ መኪና ላይ በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ነዳጅ በይፋዊ መለኪያ 5 ሊትር ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው።

የሞተሩ የዘይት መጠን ግን 4 ሊትር አይሞላም። አምራቹ ዘይቱን እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ሳይቀየር እንዲሠራበት ይፈቅድ ነበር። የካምሻፍቱ ችንጋ በመደበኛ አገልግሎት እስከ 240,000 ኪሎ ሜትር ወይም 10 ዓመት እንዲያገለግል ታስቧል። እነዚህ ቁጥሮች በሽያጭ ወቅት እንደ ትልቅ ብልጫ የቀረቡ ናቸው። የችግሩም ሥር የሚገኘው በከፊል እዚሁ ላይ ነው።

ብልሽቱ ከየት ይነሳል?

እያንዳንዱ ኢንጄክተር በቴስታታው ላይ ሲቀመጥ ከግርጌው የመዳብ ሮንዴላ ይደረግለታል። የሮንዴላዋ ተግባር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የቃጠሎ ግፊት ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ማሸግ ነው። ኢንጄክተሩን የሚይዘው ቡሎን ሲላላ ወይም ሮንዴላዋ በሙቀት ብዛት ስትደክም ጥቀርሻ ያዘለ ጋዝ በኢንጄክተሩ ዙሪያ ማፈትለክ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ “ቹፍ ቹፍ” የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በመኪናው ውስጥ የጭስ ሽታ ይገባል፣ በኢንጄክተሩ ዙሪያም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቅርፊት ይጋገራል።

አደጋው ከሚታየው ቅርፊት ይልቅ በማይታየው ክፍል ላይ ነው። የሚያፈተልከው ጋዝ ከፊሉ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ጥቀርሻ ሲበዛበት ይወፍራል፣ ከዚያም ደረቅ የከሰል ፍርፋሪ መፍጠር ይጀምራል። ፍርፋሪው በኮፓው ውስጥ ይዘቅጥና የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ቀስ በቀስ ይደፍናል። የዘይቱ መጠን አነስተኛ መሆኑና የመቀየሪያ ጊዜው መራዘሙ ደግሞ የጥቀርሻውን ክምችት ያፋጥነዋል።

በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ የሚጎዳው ቱርቦው ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ሲሆን፣ ዘንጉና ኩሽኔታው እንዳይነካኩ የሚለያቸው በግፊት የሚመጣ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ዘይቱ ወደ ቱርቦው የሚደርሰው በቀጭን ቧንቧ ሲሆን፣ ቧንቧው ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት ቡሎን ውስጥ አንዲት ትንሽ ወንፊት ተቀምጣ ነበር። ወንፊቷ የተቀመጠችው ቱርቦውን ከቆሻሻ ለመጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱ በከሰል ሲሞላ የምትደፈነው እርሷ በመሆኗ፣ ለጥበቃ የታሰበው ክፍል ቱርቦውን ዘይት የሚያስጠማ ሆነ። ዘይት ያጣ ቱርቦ ለመሰበር ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

ቱርቦ ብቻ መቀየር ለምን አላዋጣም?

ቱርቦው ሲሰበር ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት በአብዛኛው የሚነገረው “ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር” የሚል ነው። ምርመራው እውነት ነው፤ የተሟላ ግን አይደለም። የተሰበረው ቱርቦ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለምና። አዲሱ ቱርቦ በዚያው ቆሻሻ ዘይት፣ በዚያው የጠበበ ቧንቧና በዚያው በተደፈነ ወንፊት ላይ ሲገጠም የመጀመሪያው የሞተበት ምክንያት ይጠብቀዋል። የተሰበረው ቱርቦ የበተነው የብረት ብናኝ በዘይቱ መንገድ ውስጥ መቅረቱ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

በዚህ የተነሳ አምራቾቹም ሆኑ የቱርቦ አቅራቢዎች ዝርዝር የጥገና ቅደም ተከተል ለማውጣት ተገደዋል። የቅደም ተከተሉ ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

የኢንጄክተሮቹ ሮንዴላዎች በሙሉ ይቀየራሉ፣ መቀመጫቸውም ተጠርጎ ይስተካከላል። ኮፓው ወርዶ ይታጠባል፣ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ወደ ቱርቦው የሚሄደው የዘይት ቧንቧ በአዲስ ይተካል፣ በቡሎኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊትም ትወገዳለች። የዘይት ማቀዝቀዣውና የአየር መስመሮቹ ይፈተሻሉ። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ከተደረገ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ በቂ ዘይት ወደ ቱርቦው መድረሱ በመለኪያ ይረጋገጣል። በመጨረሻም ዘይቱና ፊልትሮው ከጥቂት ጉዞ በኋላ በድጋሚ ይቀየራሉ።

የቱርቦ አቅራቢዎች እነዚህ ሥራዎች መከናወናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ያልቀረበለትን የዋስትና ጥያቄ ውድቅ ማድረጋቸው የተለመደ ሆኗል። አሠራሩ ለባለንብረቱ ከበድ ያለ ቢመስልም ምክንያታዊ ነው። ምክንያቱም የተሟላው ጥገና ብዙ የእጅ ሥራ ሊጠይቅ ቢችልም፣ ቱርቦን በተደጋጋሚ ከመቀየር ይሻላል።

ሌሎች ተጓዳኝ ችግሮች

ከቱርቦው ሌላ ሦስት ችግሮች በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የጥቀርሻ ማጣሪያው ነው። ፔዦ ይህን ማጣሪያ በመኪና ላይ በማስተዋወቅ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ፈር ቀዳጅ ነበር። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ካጠራቀመ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ያቃጥለዋል። ቃጠሎው እንዲሳካ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ደርሶ ለተወሰነ ጊዜ ሳይቋረጥ መጓዝ ይኖርበታል። በከተማ ውስጥ አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ መኪና ግን ቃጠሎውን ጀምሮ ሳይጨርስ ይቆማል። ውጤቱም የተደፈነ ማጣሪያ ነው። ከዚህም ባሻገር ለቃጠሎው ተብሎ የሚረጨው ተጨማሪ ናፍጣ ሳይነድ ሲቀር በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ሁለተኛው የተቃጠለውን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ በጥቀርሻ መያዝ ነው። ቫልቩ ሲጣበቅ መኪናው ኃይል ያጣል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ሦስተኛው የፍሪሲዮን ሥርዓት አካል የሆነው ባለ ሁለት ክፍል የሞተር ጎማ በመንቀጥቀጥ ማለቁ ሲሆን፣ የዕቃው ዋጋ ከፍተኛ ስለሆነ በባለንብረቶች ዘንድ ይፈራል። እነዚህ ሁለቱ በሌሎች ኩባንያዎች ናፍጣዎች ላይም በስፋት የሚታዩ ናቸው።

ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው?

የጉዳዩ ኢኮኖሚያዊ ገጽታ ከቴክኒካዊው ባልተናነሰ ትኩረት ይሻል። በአውሮፓ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው በድርጅቶች የሚገዙት ወይም በኪራይ የሚያዙት ናቸው። እነዚህ ደንበኞች መኪናውን ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ተጠቅመው ያስተላልፉታል። ለእነርሱ የጥገና ጊዜ መርዘም ማለት ወጪ መቀነስ ማለት ነው። አምራቾችም ለዚህ ፍላጎት መልስ ሲሰጡ የዘይት መቀየሪያ ርቀቱን ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር አድርሰዋል።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተቆጠበው ወጪ ተላለፈ እንጂ አልጠፋም። የተጠራቀመው ጥቀርሻ ቱርቦውን የሚሰብረው በአብዛኛው የአምራቹ ዋስትና ካለቀና መኪናው ወደ ሁለተኛው ባለንብረት ከተላለፈ በኋላ ነው። በመሆኑም ቁጠባው ለመጀመሪያው ተጠቃሚ፣ ዕዳው ለቀጣዩ ይሆናል። ውሳኔ ሰጪውና ከፋዩ ሲለያዩ ጥገና ችላ የሚባል መሆኑን ይህ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

ሞተሩን በጅምላ መኮነን ግን ተገቢ አይሆንም። ዘይቱ በ10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የተቀየረለትና ሮንዴላዎቹ በወቅቱ የተፈተሹለት ሞተር ያለ ከባድ ችግር ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዙ የተለመደ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የአያያዝ ጉዳይ መሆኑም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአምራቾቹ ማስተካከያ

አምራቾቹ ከልምዳቸው በመነሳት እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ሞተሩን እንደገና ነድፈዋል። አዲሱ ዲዛይን የቫልቮቹን ቁጥር ወደ 8፣ ካምሻፍቱን ወደ አንድ ዝቅ በማድረግ ቀለል እንዲል የተደረገ ሲሆን ኃይሉ ወደ 112 የፈረስ ጉልበት ከፍ ብሏል። ይህም ጥቂት ክፍሎች ያሉት ሞተር የግድ ደካማ እንዳልሆነ ያሳየ ነው።

ቀጣዩ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ባለ 1.5 ሊትር “ብሉኤችዲአይ” ነው። ይኸኛው ደግሞ የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል። ሁለቱን ካምሻፍቶች የሚያገናኘው 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሰንሰለት ያለጊዜው የሚላላና የሚበጠስ ሆኖ በመገኘቱ፣ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2023 በ8 ሚሊ ሜትር ተክቶታል። ፔዦ ሲትሮኤን እ.ኤ.አ. በ2021 ከፊያት ክራይስለር ጋር ተዋህዶ የተመሠረተው ስቴላንቲስ ኩባንያ በአውሮፓ የጉዳቱን ወጪ እስከ 10 ዓመት ወይም 240,000 ኪሎ ሜትር ለመሸፈን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ተስማምቷል። ለዚህ ውሳኔ የባለንብረቶችና የሸማቾች ማኅበራት ግፊት አስተዋጽኦ ማድረጉ አይዘነጋም።

የናፍጣ መኪና የበላይነት ግን እስከዚያው አክትሟል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቮልስዋገን የልቀት ማጭበርበር ከተጋለጠ በኋላ የገዢዎች አመኔታ ቀንሷል፣ ከተሞችም በአሮጌ ናፍጣዎች ላይ ገደብ ጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአውሮፓ ኅብረት ከተሸጡ አዳዲስ መኪናዎች የናፍጣ ድርሻ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወርዷል። በናፍጣ ሞተር ምርቱ የታወቀው የትሬምሪ ፋብሪካም የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ማምረት ጀምሯል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ያለው ዝምድና

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለመስክ ሥራ የሚያሰማሯቸው ተሽከርካሪዎች በአመዛኙ ናፍጣ ፒክአፖችና የመስክ መኪናዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ቶዮታ ሃይሉክስ በስፋት ይታወቃል። በሃይሉክስና በፕራዶ ላይ የተገጠመው ባለ 3 ሊትር “ዲ-ፎር-ዲ” ሞተር ከላይ ከተገለጸው ጋር የሚመሳሰል ድክመት ታይቶበታል። በዚህም ሞተር የኢንጄክተር ሮንዴላዎች ሲያፈተልኩ የዘይት መሳቢያው ወንፊት በከሰል ይደፈናል፤ አምራቹም ሮንዴላዎቹን በተሻሻሉ ለመተካት ተገዷል። ሞተሩ ትልቅ፣ መኪናውም በጥንካሬው ስመ ጥር ቢሆንም የብልሽቱ መንገድ አንድ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ አንድን ብራንድ ብቻ የሚመለከት አይደለም።

የአገሪቱ መልክዓ ምድርም በቱርቦው ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ኃይሉን በእጅጉ ያጣል። ቱርቦ ያለው ደግሞ የጎደለውን አየር ለማካካስ ዘንጉን በበለጠ ፍጥነት ያሽከረክራል። ይህ ማለት ቱርቦው ከንጹሕ ዘይት የሚጠብቀው አገልግሎት በደጋው አካባቢ ይበልጥ ይጨምራል ማለት ነው። የጠጠር መንገዱ አቧራም የአየር ፊልትሮው ከአውሮፓ በባሰ ሁኔታ ቶሎ ቶሎ እንዲፈተሽ ያስገድዳል። በሌላ አገር መንገድ ላይ የተቀመጠን የ20,000 ኪሎ ሜትር የአገልግሎት ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። እነዚህ እርምጃዎች የወደፊቱን አቅጣጫ የሚያመለክቱ ናቸው። ይሁንና በሥራ ላይ ያሉት ናፍጣ ተሽከርካሪዎች ገና ለበርካታ ዓመታት የሚያገለግሉ በመሆናቸው አያያዛቸው ትኩረት ሊነፈገው አይገባም። በቀላሉ የሚተካ መኪና በሌለበት ያለውን ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ከዚህ አንጻር ለትራንስፖርት ስምሪትና ለግዥ የሥራ ሂደቶች ጠቃሚ የሚሆኑ ነጥቦችን ማንሳት ይቻላል። በግዥ ወቅት ከፈረስ ጉልበትና ከነዳጅ ፍጆታ በተጨማሪ የዘይቱ መጠን፣ የመቀየሪያው ርቀትና የዘይቱ ደረጃ በስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ ተካትተው ቢወዳደሩ የተሽከርካሪው የዘመን ልክ ወጪ በተሻለ ይታወቃል። የጥገና ውል ሲዘጋጅ ጋራዡ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የብልሽቱን መንስኤ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ የተደጋጋሚ ወጪ በር ይዘጋል። “ቱርቦ መቀየር” በሚል አንድ መስመር ብቻ የሚቀርብ የዋጋ ማቅረቢያ ዝቅተኛ ቢመስልም፣ ኮፓውን ማጠብና ቧንቧውን መተካት ካላካተተ በውጤቱ ከሁሉም ውድ ሊሆን ይችላል።

የአሽከርካሪው ድርሻም ቀላል አይደለም። የጭስ ሽታ፣ የተለየ ድምፅ ወይም የኃይል መቀነስ ባየ ጊዜ በስምሪት ቅጹ ላይ የሚመዘግብ፣ ከረጅም ጉዞ ወይም ከዳገት በኋላ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ለአንድና ሁለት ደቂቃ የሚያሳርፍ አሽከርካሪ ለመሥሪያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ምዝገባው ውጤት የሚኖረው ግን ቅጹን የሚያነብና እርምጃ የሚወስድ ኃላፊ ሲኖር ነው።

በአጠቃላይ የባለ 1.6 ሊትሩ ሞተር ታሪክ የሚያስገነዝበው ዋና ጉዳይ የዘመናዊ ሞተር ብቃትና የጥገና ጥንቃቄ ተነጣጥለው የማይታዩ መሆናቸውን ነው። በ4 ሊትር ዘይትና በጥቂት ሮንዴላዎች ላይ በወቅቱ ያልወጣ ገንዘብ ቆይቶ በቱርቦ፣ ከዚያም በሙሉ ሞተር ዋጋ ይጠየቃል። የመንግሥትን ንብረት በኃላፊነት የሚያስተዳድሩ አካላት የጥገና በጀታቸውን ሲያዘጋጁ ከተሰበረው ዕቃ ይልቅ ዕቃውን ወደሰበረው መንስኤ ቢያተኩሩ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለው ገንዘብ በጋራዥ ደጃፍ እንዳይባክን ያደርጋሉ።